አገርዎ የት ነው?

በረሃ ብለው የሰየሙት እነሱ ናቸው። እኛ ቆላ ነበር የምንለው። ከወልቂጤ ወደ ጊቤ ስትወርዱ፣ ሙቀቱ በመኪናው መስኮት ገብቶ ፊታችሁን መለብለብ ሲጀምር፣ ከአስፋልቱ የሚገነጠል የአቧራ መንገድ አለ። አባቴ እዚያ ነበር የሚኖረው፤ እኔም የተወለድኩት እዚያ ነው። ግራርና ድንጋይ ይበዛዋል፣ አልክድም። ፀሐዩም ገና በጠዋቱ የሰው ጀርባ ይልጣል። ግን በቆሎ ያበቅላል፤ በርበሬ ያበቅላል፤ አባቴ በገዛ እጁ የተከላቸው ማንጎዎች ነበሩበት። በረሃ ውስጥ እንደተወለድኩ የነገረኝ ላንድክሩዘር ይዞ የመጣ ሰው ነው፣ እግዜር ይስጠው።

ነገሩ የሶላር ነገር ነው። ቆላችን ላይ ትልቅ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ሊሠራ ታቅዷል ተባለ። ጣሪያ ላይ የሚወጣው ዓይነት አይደለም፤ መሬት ላይ በብረት እግር ቆሞ ሜዳውን ሙሉ የሚሸፍን ነው። እስከ ዛሬ አንዲት ሶላር አልቆመችበትም። ዕቅዱ ግን አለ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይባል የለ? የኛዋ ላም ወተቷን ሳታቀምሰን ረግጣን ነው ያለፈችው።

እኔ ወልቂጤ ገበያው ዳር ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ባልዲ፣ ጀሪካን፣ ፔርሙዝ እሸጣለሁ። ከሁሉ የሚሄድልኝ ግን ትንንሹ ሶላር ነው፤ አምፖልም ያበራል፣ ስልክም ቻርጅ ያደርጋል። አንዱን ለአባቴ ወስጄለት ቆርቆሮው ላይ አስሮት ነበር። የጎረቤቱ ስልክ ሁሉ እሱ ቤት እየመጣ ይሞላል። የሚያናድደው፣ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ትልቁ የመብራት መስመር በማሳው አናት ላይ ነው የሚያልፈው። ዝናብ ሲጥል ሽቦው እንደ ንብ ይጮኻል። ከሥሩ ግን ኩራዝ ነው። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይሄ ነው።

ስለዚህ የዕቅዱን ወሬ ስንሰማ መጀመሪያ ደስ አለን። አባቴ ሱቄ ድረስ መጥቶ አሾፈብኝ፤ «ያንቺን ሶላር አይተው ቀንተው ነው የመጡት፤ ሒሳብሽን ተቀበያቸው» አለኝ። ቀልደኛ ነበር። እናቴ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ነበር የሚኖረው፤ እኔ ዘንድ ና ስለው «ወልቂጤ ባጃጅ ይገጨኛል» ይለኛል። ወንድም እህት የለኝም።

የዕቅዱ ሰዎች የጠሩን ስብሰባ ትልቁ ግራር ሥር ነበር። የቆላው ሰው ሁሉ ወጣ፤ እኔም ሱቄን ዘግቼ ወረድኩ። አባቴ ለመስቀል ብቻ የሚለብሳትን ጥቁር ኮት ለብሶ ነበር፣ በዚያ ሙቀት! ከመጡት መካከል አንዱ፣ ባርኔጣ ያደረገው ጨዋ ሰውዬ፣ ነገሩን በደንብ አስረዳን። ሜዳው በሙሉ ይታጠራል፤ በውስጡ ያለ ሰው ይነሳል። ነዋሪ የሆነ ሰው ሲነሳ ምትክ የቤት መሥሪያና የእርሻ ቦታ ያገኛል። ነዋሪ ያልሆነ፣ ለእርሻ ብቻ ወርዶ የሚመለስ ሰው ግን፣ የቆመ ሰብሉ ተገምቶለት ይሄዳል። ቦታ የለውም። ይህን ሁለት ጊዜ ደጋግሞ ነገረን፤ አልሰማንም ልንል አንችልም። አባቴም ሰምቷል። ዘንበል ብሎ «ምትኩን ወንዝ ዳር እንዲሰጡኝ ነው የምጠይቀው፤ ማንጎ ውኃ ይወዳል» ብሎኛል።

ከዚያ ሰውዬው ባርኔጣውን አነሳና፣ በትሕትና፣ ወደ አባቴ ዞሮ ጠየቀው።

«አባታችን፣ አገርዎ የት ነው?»

እዚህ ላይ የኛን ሰው ለማያውቅ ልንገረው። ጉራጌን አገርህ የት ነው ካልከው፣ የት ታድራለህ ያልከው አይመስለውም። መርካቶ ሲነግድ ጸጉሩ የነጣ፣ የልጅ ልጆቹ አማርኛ እንጂ ሌላ የማይሰሙ ሽማግሌ ሳይቀር፣ አገሩን ሲጠየቅ እምድብር ነው፣ አገና ነው የሚልህ። አገር ማለት የአባትህ ቤት ምሰሶ የቆመበት ነው። መስቀል የሚበላበት ነው። ስትሞት የምትገባበት ነው። የቀረው፣ ዕድሜህን ሙሉ ብትኖርበትም፣ የሥራ ቦታ ነው። አገሩን የተጠየቀ ሰው ደግሞ ተከበረ ማለት ነው፤ አባትህ ማን ነው እንደማለት ነው።

አባቴ ተነሳ። ኮቱን ወደ ታች ሳብ ሳብ አደረገ።

«አገሬ ቸሃ ነው!» አለ፣ ወንዝ ማዶ እስኪሰማ። «ከእምድብር ወዲያ ነው። የኛ ቤት ጀፎረው ራስ ላይ ነው ያለው፤ የመጣ እንግዳ መጀመሪያ የሚያየው የኛን ደጅ ነው።» ጀፎረ ማለት በደጋው መንደር ከየቤቱ ፊት የተዘረጋው ሰፊው የሣር መንገድ ነው፤ ራሱ ላይ ቤት ያለው ሰው ኩሩ ነው። አባቴ በዚያ አላበቃም፤ አባቱን ጠራ፣ አያቱን ጠራ፣ እስከ ላይ ወጣ። ሰዉ አጨበጨበ።

በል እንግዲህ! አንዱ ሲጀምር ሌላው ይቀራል? የጎረቤቱ ሰውዬ ተነስቶ «እኔ እዣ ነኝ፤ አገሬ አገና ነው» አለ። ቀጣዩ ጉመር አለ። ቀጣዩ እኖር። አንዱ ካንዱ እየበለጠ፣ አገሩን እያሞገሰ፣ ሠርግ ቤት ነው የሚመስለው። የቀበሌው ሊቀመንበር ሳይቀር፣ ሰው ሁሉ ነዋሪ መሆኑን ከማንም በላይ የሚያውቀው፣ ተራው ሲደርስ ደረቱን ነፍቶ የደጋ መንደሩን ጠራ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

እኔ ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ነበርኩ። ባለባርኔጣው ወደ ጓደኛው ጎንበስ ብሎ «ሁሉም ደገኞች ናቸው እኮ፤ ለእርሻ ነው የሚወርዱት» ሲለው ሰማሁት።

«ኧረ በፈጣሪ!» ብዬ ተነሳሁ። «እንደሱ ማለታቸው አይደለም! አባቴ እዚህ ነው የሚኖረው፤ አገሩ እዚህ ነው!»

«እህቴ፣ ተራሽን ጠብቂ» አሉኝ።

እነሱ እንኳ ይሁን። አባቴ ነው የገደለኝ። ዞሮ እንዴት ብሎ እንዳየኝ! እኔ የማዋርደው ነው የመሰለው። «ዝም በይ!» አለኝ በጉራጊኛ፣ ከዚያ ሁሉም እንዲሰማ በአማርኛ፤ «አባትሽ አገር የለውም ልትዪ ነው? ልጄ ሆነሽ ሰው ፊት ታዋርጂኛለሽ?» ሴቶቹ ቀሚሴን ጎትተው አስቀመጡኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ምላሴ ረጅም ነው እየተባልኩ ነው ያደግኩት፤ ያን ቀን ግን አጠረብኝ።

ባለባርኔጣው ቀጠለ። «እዚህ አካባቢ መቃብር አላችሁ?» አለ። መቃብር ያለበት ቦታ የሚያዘው በልዩ ጥንቃቄ ነው፤ ሰው ለረጅም ጊዜ እንደኖረበት ማረጋገጫ ነው ብሎ ምክንያቱንም ነገረን። ምን ያድርግ፣ ምንም አልደበቀንም።

«ምን በወጣን!» አለ አባቴ። «እኛ ሬሳችንን ሜዳ ላይ አንጥልም። አገሩ እናስገባዋለን እንጂ!» እውነቱን ነው። እናቴ ስትሞት በኪራይ መኪና እምድብር ወስደናታል። ሁሉም እንደዚያ ነው ያደረገው። ቆላው ላይ ስንት ሰው ሞቷል፣ አንድም መቃብር ግን የለም።

ወንዙ ማዶ ያለው የአባቴ ወዳጅ ብቻ ነበር እንደ ሰው የመለሰው። እስላም ነው፣ ከአባቴ ጋር አብረው ጫካ የመነጠሩ፣ አብረው በወባ የተንቀጠቀጡ ናቸው። አገርዎ የት ነው ሲሉት በከዘራው ወደ ወንዙ አመለከተ። «አሰላሙ አለይኩም። አባቴም እዚያ ነው፣ ሁለቱ ልጆቼም እዚያ ናቸው፤ ያ ድንጋዩ የሚታየው» አለና ተቀመጠ። የእነሱ ሰፈር ከዕቅዱ ውጪ ሆነ።

ውሳኔው ሲመጣ እዚያው ግራር ሥር ተነበበ። የኛዎቹ በሙሉ «ወቅታዊ አራሾች» ተብለዋል። አባቴ ቃሉ አልገባውም፤ ወቅታዊ ማለት ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ለእርሻ ወቅት የሚመጣ ማለት ነው አሉት።

«እኔ? እኔ ለወቅት የምመጣ? እዚህ እኮ ነው ያረጀሁት!»

«አባታችን፣ አገሬ ቸሃ ነው ያሉን እርስዎ ራስዎ ነዎት» አለው ባለባርኔጣው። አልተቆጣም። እንዲያውም ትከሻውን ያዝ አደረገው። «አይዘኑ። እርስዎ አገር አለዎት። አገር የሌለው ነው የሚያሳዝነው።»

መታወቂያውን አውጣና አሳያቸው አልኩት። አወጣ። የት የተሰጠ ይመስላችኋል? እምድብር! ለመስቀል በወጣ ቁጥር እዚያ ነበር የሚያሳድሰው፤ ሰው መታወቂያውን ከአገሩ ነው የሚያወጣው ብሎ። ባለባርኔጣው አየውና በሁለት እጁ መለሰለት። ሊቀመንበሩ መሬት መሬት ያያል። ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም።

ከዚያ በኋላ የቀረን ያው አገሩ ነው። አንድ ጠዋት አባቴና እኔ ሚኒባስ ይዘን እምድብር ወጣን። ትልቁ አጎቴ፣ የአባቴ ታላቅ፣ ጀፎረው ራስ ላይ ባለው ቤት ነው የሚኖረው። ያ ቤት ቆርቆሮ የለበሰው በአባቴ በርበሬ ነው። በየመስቀሉ የቆላው ጆንያ ያንን ደጅ ሳይሞላው ቀርቶ አያውቅም። እኔ ልጅ ሆኜ አጎቴ ጆንያውን በእጁ እየመዘነ «የቆላው ወንድሜ፣ አንተ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር» ሲል ሰምቻለሁ።

ተቀበሉን፣ ምን ይወጣላቸው! ቆጮ በክትፎ፣ ጎመን በቅቤ፣ አይቡ ለብቻው። በልተን ስንጨርስ አባቴ ጉሮሮውን ጠራረገ። የጠየቀው ማሳ አይደለም። ከእንሰቱ ጀርባ አንዲት ጎጆ የምታስቆም ቦታ ነው። «ነገ ሊያስነሱኝ ነው። ብቻዬን ነኝ። አንድ አልጋና አንድ ምድጃ ነው የምፈልገው» አለ። ታላቁ ፊት እንደ ልጅ ጉልበቱን አቅፎ ነበር የተቀመጠው።

አጎቴ ወደ ውጭ አየ። «እንሰቱን ለልጆች አካፍዬዋለሁ» አለ። «አንዱን መደዳ ከነቀልኩ እርስ በርስ ይጋደላሉ። ጀፎረው ላይ እንዳትሠራ ደግሞ ጀፎረ ነው፣ ደንቡን ታውቃለህ።»

«ታዲያ እኔ ወዴት ልግባ?»

«ወንድሜ፣» አለው አጎቴ፣ «አንተ እኮ የቆላ ሰው ነህ። ብርዱንም አትችለው።»

እግዚአብሔር ያሳያችሁ! ታች አገርህ ደጋ ነው አሉት፤ ደጋ ሲወጣ የቆላ ሰው ነህ። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት አባቴ ጭኔን ያዘኝ። አጎቴ ሚኒባሱ ድረስ ሸኘን፤ ቅቤ በኮባ ጠቅልሎ አስያዘን፤ መኪናው ሲነሳ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ለመስቀል እንዳትቀር!»

ጉብሬ ላይ ተማሪዎች ሲገቡ አባቴ ጠጋ አለና «ቆጮው ጥሩ ነበር» አለኝ።

ቆላው ላይ ችካል መትከል ጀመሩ። ቀይ ሪባን የታሰረበት ችካል በማሳው መሐል፣ በማንጎው ሥር፣ በደጁ። አዲስ ነገር እንዳትዘሩ ተባለ፤ የሚዘራ ለካሳ ሲል የዘራ ይቆጠራል። ያን ዓመት አባቴ የበርበሬ ችግኝ አላፈላም። ሥራ ያልለመደ ሰው ሥራ ሲፈታ ይደላዋል፤ የለመደው ግን ይታመማል። ደረቱን ያዘው፣ እግሩ አበጠ። ወልቂጤ አመጣሁትና ከሱቄ ጀርባ ባለችው ክፍል አስተኛሁት። ሐኪሙ ልቡ ነው አለ። ታዲያ ሌላ ምኑ ሊሆን ኖሯል?

የወንዝ ማዶው ወዳጁ በየገበያው ቀን እየመጣ አጠገቡ ይቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ፔርሙዝ እየሸጥኩ በመጋረጃው ሰማኋቸው።

«ስሞት ታች ነው የምቀበረው» አለ አባቴ። «ከማንጎው ሥር። መቃብር ቢኖራችሁ ኖሮ ብለውናል አይደል? እንግዲያው እኔ እሆንላቸዋለሁ። አንድ ከተገኘ ለቀሩት ጎረቤቶች እንኳ መሟገቻ ይሆናል።»

«አንተ ሰውዬ፣ ለመሬት ብለህ ልትሞት ነው?» አለው ወዳጁ እየሳቀ።

«መሞቴማ አይቀርም። በከንቱ ልሙት?»

ወዳጁ ሳቁን አቆመ። «ሚስትህስ? እሷ እኮ ላይ ናት።»

«እሷ ትረዳኛለች» አለ አባቴ። ከዚያ እኔን ጠራኝና መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። በወዳጁ ፊት አስማለኝ። ያን ያህል ዘመን ደጋ ደጋ ሲል የኖረ ሰው፣ «አገሬ አስገቡኝ» ሲል የኖረ ሰው፣ እጄን ይዞ «ቆላ አውርጂኝ፣ አደራ» አለኝ። ማልኩለት። የቀረው ነገር ይሄ ብቻ ነበር። ቤቱ ሄዷል፣ በርበሬው ሄዷል፤ ሬሳውን የት እንደሚያኖር ግን ገና የእሱ ነበር።

የሞተው ጠዋት ነው፤ ሱቅ ልከፍት ቁልፍ ይዤ ነበር። መጀመሪያ የደወልኩት ለወዳጁ ነው። «ኢና ሊላሂ» አለ፤ ቀጥሎም «ጉድጓዱን እኔ እቆፍራለሁ፤ ሌላ ሰው አይንካው። እናንተ ይዛችሁት ውረዱ» አለኝ።

ለአጎቴ የደወልኩት እኔ አይደለሁም። ዕድሩ ነው ያረዳው፤ ሞት አይደበቅም። ገና ገንዘን ሳንጨርስ አይሱዙ ሸራ ለብሳ ግቢው በር ላይ ቆመች። ከላይዋ የደጋ ሰው ጥቅጥቅ ብሏል። አጎቴ ሲወርድ ሁለት ሰው ደገፈው። ደረቱን እየደቃ ነው የገባው። «ወንድሜ! ጥላዬ! የቆላው ጌጤ!» ይላል። እንባው እውነት ነበር። ያ ነው እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ፤ አስመሳይ ቢሆን በቀለለኝ።

«ታች ነው የሚቀበረው» አልኩ። «ተናዝዟል። ምያለሁ።»

አጎቴ እንባውን በጋቢው ጠረገና አየኝ። «ወንድሜን በረሃ ላይ አልጥልም» አለ።

«በረሃ አልክ? አንተም በረሃ አልክ? በርበሬው ሲመጣልህ ቆላ አልነበር? ጎጆ ሲለምንህ የቆላ ሰው ነህ አላልከውም? ዛሬ ሬሳ ሲሆን ነው አገሩ ትዝ ያለህ?»

«ኧረ ተይ ልጄ!» «ሐዘን ነው የሚያናግራት!» ሴቶቹ ከበቡኝ። የዕድሩ ሊቀመንበር ወደ ጥግ ወሰደኝ፤ ደግ ሽማግሌ ነው፣ ወልቂጤ ስኖር ያላደረገልኝ ነገር የለም። «ልጄ፣ ደንብ ነው» አለኝ። «ሰው አገሩ ይገባል። ከናትሽ ጎን ይተኛ። ሰው ብቻውን ሜዳ ላይ ይተኛል? ነገ ጅብ ቢያወጣው ምን ትያለሽ?» ከእናቴ ጎን አይተኛ ብላ የምትከራከር ልጅ አይታችኋል? ዞር ስል አልጋውን ተሸክመው እየወጡ ነው።

ያኔ ስልኬ ጮኸ። ወዳጁ ነው። ሲያለከልክ ይሰማል። «ጨረስኩ» አለኝ። «ከማንጎው ሥር ነው፤ ሥሩን እንዳልቆርጥ ተጠንቅቄ ነው። መሬቱ ድንጋይ ነበር፣ ግን ጥሩ ወጣ። የት ደረሳችሁ?»

ስልኩን ከጆሮዬ ሳላነሳ በሩ ድረስ ሄድኩ። አይሱዙዋ ስትነሳ፣ ሴቶቹ ሲጮኹ ሰማ መሰለኝ፤ ደግሞ አልጠየቀኝም።

እምድብር የነበረው ቀብር ቀብር ነበር! የአካባቢው ሰው በሙሉ ወጣ፤ ከአገና፣ ከጉብሬ፣ አዲስ አበባ ያሉት ሳይቀሩ ደረሱ። ሁለት ሰንጋ ታረደ። ጎጆ ተነፍጎት የሄደው ሰውዬ እንደ ባላባት ተለቀሰለት። ካልሞቱ አይመሰገኑም። ጉድጓዱ ሲቆፈር አጎቴ አናቱ ላይ ቆሞ ነበር። ቆፋሪዎቹ በቃ ሲሉ እጁን አነሳ።

«ሰፋ አድርጉት እንጂ!» አለ። «ወንድሜ ነው!»

ሰፋ አደረጉት። በእውነት ሰፊ ነበር። አንድ አልጋና አንድ ምድጃ ያስገባ ነበር። ከጎኔ የቆመች አሮጊት ጀርባዬን እያሸች «ይኸው አገሩ ገባ፤ ተጽናኚ» አለችኝ። አፈር የያዝኩበትን እጄን ዘረጋሁና አፈሩን በአሮጊቷ ነጠላ ላይ በተንኩት። አላሰብኩበትም፤ እጄ ነው ያደረገው። እብደት ነው አሉና ወሰዱኝ።

ሐዘን ከተቀመጥኩ በኋላ ቆላ ወረድኩ። ወዳጁን ማየት ነበረብኝ፤ በስልክ የማይባል ነገር አለ። እሱ ግን ቤቱ አልነበረም፤ ሚስቱ ወንዙን አሻግራ ወደ አባቴ ማንጎ አመለከተችኝ። ስደርስ አካፋውን ይዞ ቆሟል። ፊት ለፊቱ ላንድክሩዘር ቆሟል። ጉድጓዱ በአራት ማዕዘኑ ችካል ተተክሎበት፣ ቀይ ሪባን ዞሮበታል።

«ልደፍነው ነበር» አለኝ ወዳጁ፣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጠኝ። «ባዶ መቃብር ክፍት አይተውም። አካፋ ይዤ ስመጣ ተው፣ እንፈልገዋለን አሉኝ።»

ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰ ወጣት መሐንዲስ በፈገግታ መጣ። አዲስ አበቤ ነው፣ በአነጋገሩ ያስታውቃል። የሶላሩ ብረት እግር የሚተከልበትን አፈር ለመመርመር በየቦታው ጉድጓድ እንደሚያስፈልጋቸው፣ እዚህ ሲደርሱ ግን ልክ በሚፈልጉት ጥልቀት ተቆፍሮ እንዳገኙት ነገረኝ። «ይሄ ድንጋይ መሬት ቀን ሙሉ ይፈጅብን ነበር። ማን እንደቆፈረው ባውቅ አመሰግነው ነበር» አለ።

ወዳጁ አካፋውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«የአባቴ መቃብር ነው» አልኩት።

ልጁ ደነገጠ። ከራሱ ላይ ሄልሜቱን አወለቀ። እውነት ለመናገር ልጁ ክፉ አልነበረም። ጉድጓዱን አየ፣ እኔን አየ።

«ይቅርታ፣ እናቴ፤ አላወቅንም። እና… እሳቸው እዚህ ነው ያረፉት?»

ይሄው ጥያቄው መጣ። አባቴ ያንን ጥያቄ በራሱ አጥንት ሊመልስ ነበር የሞተው። ጉድጓዱ አፉን ከፍቷል፤ ታቹ ድረስ ፀሐይ ገብቶበት እያንዳንዱ ጠጠር ይታያል። ውሸት እንኳ አላስዋሽ አለኝ።

«አይደለም» አልኩት። «እምድብር ነው የተቀበረው።»

«እ… አገራቸው እዚያ ነው?»

ወዳጁ ዞሮ አየኝ። እኔ አልመለስኩም። ልጁ ዝምታዬን አዎ አድርጎ ወሰደው፤ ኀዘኔታ ባለው ፊት ራሱን ነቀነቀ። ትንሽ ጠበቀ፤ ለጨዋነት ያህል። ከዚያ ሄልሜቱን መልሶ አደረገ፣ ሜትሩን ከኪሱ አወጣና በሪባኑ ሥር ጎንበስ ብሎ ጉድጓዱ ውስጥ ወረደ። ግድግዳውን በመዶሻ መታ መታ አደረገው። አፈሩን በፌስታል ሞልቶ ለጓደኛው ወደ ላይ አቀበለው።

«ጥሩ መሬት ነው» አለው ከውስጥ። «ንጹሕ ነው፤ ምንም የለበትም።»